ከቅንድብ የተወለደ ቃል

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ትዕቢተኛን ሰው የሚገልጹ ቅጽሎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም አንዱ «ሱፐርሲሊየስ» የሚለው ነው። ትርጉሙም ሌላውን ከራሱ በታች አድርጎ የሚመለከት፣ ንቀቱም በፊቱ የሚነበብ ማለት ነው።

የቃሉ ምንጭ ላቲን ነው። በላቲን «ሱፐር» በላይ፣ «ሲሊየም» ደግሞ የዓይን ቆብ ማለት ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ «ሱፐርሲሊየም»፣ ማለትም ቅንድብ ይሆናሉ። ሰው ሌላውን ሲንቅ ቅንድቡን ወደ ላይ ስለሚሰቅል፣ ሮማውያን የቅንድብን ስም ለትዕቢትም አዋሉት። እንግሊዝኛ ቃሉን የወሰደው በ16ኛው ምዕተ ዓመት ነው።

በአማርኛም ስለ ትዕቢተኛ ስንናገር «ልቡ አበጠ»፣ «ደረቱን ነፋ» እንላለን። «ትዕቢት» የሚለው ቃል ግን የተገኘው «ዐብየ»፣ ትልቅ ሆነ፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ ነው። ስለዚህ ትዕቢተኛ ራሱን በራሱ ትልቅ ያደረገ ሰው ነው። ላቲን በፊት ላይ የሚታየውን ምልክት፣ ግእዝ በልብ የተሰወረውን ምክንያት ሰየሙ።

ትዕቢት ከኩራት ይለያል። በሥራው የሚኮራ ሰው ሌላውን ዝቅ ማድረግ አያሻውም፤ ትዕቢተኛ ግን ከፍ ያለ የሚመስለው ሌላው ዝቅ ሲልለት ብቻ ነው። በክፍል ውስጥ አንዱ ተማሪ ተሳስቶ ሲመልስ ጓደኛው ቅንድቡን ቢሰቅልበት፣ ያ ተማሪ ዳግመኛ እጁን ላያወጣ ይችላል። አንድም ቃል ሳይነገር ንቀት ይህን ያህል ይጎዳል።

መልመጃ

1. የቅንድብ ስም ለትዕቢት መግለጫ የሆነው ለምንድን ነው?
2. የ«ኩራት»ንና የ«ትዕቢት»ን ልዩነት በምሳሌ አስረዱ።
3. የአካል ክፍል ስም ያለባቸውን ሦስት ፈሊጣዊ አነጋገሮች በዓረፍተ ነገር አስገብታችሁ ጻፉ።