የቆላ ሙቀት በማቀዝቀዣ ላይ ስለሚያመጣው ድካም

ብዙ ሰው ማቀዝቀዣ ብርድን የሚፈጥር ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ማቀዝቀዣ ሙቀትን ከውስጥ አንሥቶ ወደ ውጭ የሚጥል ተሸካሚ ነው። ተሸካሚ ዳገቱ በበረታ መጠን እንደሚደክም፥ ማቀዝቀዣም የውጭው አየር በጋለ መጠን ይደክማል። ይህን ማወቅ በጋምቤላ ክልል በዲማ ወረዳ ለሚኖር ሰው ትልቅ ጥቅም አለው፤ የሕፃናት ክትባት የሚጠበቀው በማቀዝቀዣ ነውና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቧንቧው ውስጥ ፈጥኖ የሚተን ፈሳሽ ይዞራል። ፈሳሹ በውስጥ በኩል ሲተን ከሣጥኑ ሙቀትን ይወስዳል፤ ከዚያም ኮምፕሬሰር የሚባለው መጭመቂያ ትነቱን ጨምቆ ከውጭው አየር ይልቅ ያግለዋል። የጋለውም ትነት በውጭው ቧንቧ ሲያልፍ ሙቀቱን ለአየሩ ሰጥቶ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ሙቀት በራሱ ከጋለው ወደ ቀዘቀዘው እንጂ ከቀዘቀዘው ወደ ጋለው አይሄድም። ስለዚህ አየሩ 40 ዲግሪ በሆነ ጊዜ የውጭው ቧንቧ ከ40 ይልቅ መጋል ግድ ይሆንበታል።

መምህሩ ይህን በሰሌዳ ላይ በቁጥር ያሳይ። የሣጥኑ ውስጥ 5 ዲግሪ ይሁን። አየሩ በደጋ 25 ቢሆን ልዩነቱ 20 ነው፤ በቆላ 40 ቢሆን ልዩነቱ 35 ነው። በግድግዳው ሰርጎ የሚገባው ሙቀት በልዩነቱ መጠን ስለ ሆነ፥ 35 ለ20 ሲካፈል 1.75 ይሆናል። ዳግመኛም የውስጡ ቧንቧ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ፥ የውጭው ቧንቧ ከአየሩ በ15 ዲግሪ የሚበልጥ ቢሆን፥ ዳገቱ በደጋ 50፥ በቆላ 65 ዲግሪ ነው፤ ይህም 1.3 እጥፍ ነው። ሁለቱ ሲባዙ 2.275 ይሆናሉ። እንግዲህ እንከን በሌለበት መሣሪያ እንኳ የቆላው ሥራ ከደጋው ከእጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

ሥጋና ዓሣ በሚጠበቅባቸው ታላላቅ መጋዘኖችም ሕጉ ይኸው ነው። በብዙዎቹ በውጭው ቧንቧ ላይ ውሃ ይረጫል፤ ውሃው ሲተን፥ እንስራ በላቡ ውሃውን እንደሚያቀዘቅዝ፥ ቧንቧውን ያበርደዋል። ሙቀቱ እጅግ ሲበረታ ግን በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከወሰን ያልፋል፤ ያን ጊዜ መሣሪያው እንዳይሰበር ጠባቂው መዝጊያ ሞተሩን ያቆመዋል። ስለዚህ ማቀዝቀዣው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ሥራውን ይተዋል።

ይህ በሠለጠኑት ከተሞችም ደርሷል። ሐምሌ 12 ቀን 2014 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ባለፈ ጊዜ፥ በለንደን የጋይስና የሴንት ቶማስ ሆስፒታሎች የኮምፒውተር ክፍሎች ማቀዝቀዣ ስለ ተሸነፈ የኮምፒውተሮቹ ሥራ ተቋረጠ። ለብርድ አገር የተሰናዳ መሣሪያ የቆላን ፀሐይ አይችልም።

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው መካከል ይጠበቃል። በሙቀት ኃይሉን ያጣ ክትባት እንደ ገና ቢቀዘቅዝ አይድንም፤ መልኩም ስለማይለወጥ ዓይን አይለየውም። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት ማቀዝቀዣዎችን በሦስት ይለያል፤ እስከ 27፥ እስከ 32ና እስከ 43 ዲግሪ ለሚደርስ አየር የተፈተኑ ናቸው። ለዲማ የሚገባው የመጨረሻው ነው።

መሣሪያውን ለመርዳት የሚከተለው ይደረግ።
1ኛ፤ ሣጥኑ በጥላ ይቀመጥ፤ ኃይሉ ከፀሐይ ቢሆን ፀሐይ ላይ የሚወጣው ሰሌዳው ብቻ ነው።
2ኛ፤ አየር እንዲመላለስ ከግድግዳ ይራቅ።
3ኛ፤ የውጭው ቧንቧ ከአቧራ ይጠረግ፤ አቧራ እንደ ጋቢ ሙቀትን ይይዛልና።
4ኛ፤ በሩ ያለ ጉዳይ አይከፈት፤ ምግብና መጠጥም አይግባበት።
5ኛ፤ ሙቀቱ ጧትና ማታ ተነቦ ይጻፍ።

የአገር ሽማግሌዎችም ለጤና ኬላው የዛፍ ጥላና ሰፊ ዳስ ቢያሰናዱ ለሕፃናቱ ታላቅ ዋስትና ይሆናል።

ጥያቄ።
1. ማቀዝቀዣ ብርድን አይፈጥርም የተባለው ስለ ምንድን ነው?
2. አየሩ 45 ዲግሪ ቢሆን በግድግዳው የሚገባው ሙቀት ከ25 ዲግሪው ስንት እጥፍ ይሆናል?
3. የማቀዝቀዣ በር ተከፍቶ ቢተው ክፍሉ የማይቀዘቅዘው ለምንድን ነው?