የተራራ በርን በቡድን መሻገር

በዚህ ዓመት አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ አንድ ፎቶግራፍ አሳየኝ። አሥር የሚሆኑ ሰዎች ተከታትለው በነጭ በረዶ ላይ ሽቅብ ይወጣሉ፤ እግራቸው ላይ ረጃጅም ጠፍጣፋ ነገር ታስሯል። «ቲቸር፣ በረዶ ያንሸራትት የለም እንዴ? እንዴት ሽቅብ ይወጣሉ?» አለኝ። በካርቲየ 4 ሙቀት ውስጥ ተቀምጦ ስለ በረዶ መጠየቅ ደስ ይላልና መልሱን ለሁላችሁም እጽፋለሁ።

የታሰረው ነገር ስኪ ይባላል። ሽቅብ ሲወጡ ከሥሩ ጸጉራም ጨርቅ ይለጥፉበታል፤ ድሮ ሲል የሚባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ ነበር። ጸጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ስለሆነ ወደ ፊት ሲገፉት ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ልንሸራተት ሲል ግን በረዶውን ቆንጥጦ ይይዛል። የድመት ጀርባ የዳበሰ ልጅ ይህ ወዲያው ይገባዋል። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጨርቁን አንሥተው ተንሸራትተው ይወርዳሉ። ብዙ ጊዜ ሳይነጋ ይነሣሉ፤ ፀሐይ ያላላችው በረዶ ተንዶ ሰው ሊቀብር ይችላልና።

ስኪ ለእኛ አገር እንግዳ ነው። ቢሆንም ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል። በሁለት ተራራ መካከል ያለውን መሻገሪያ ግን አባቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ «በር» ይሉታል። ወደ ደብረ ሲና የሚወስደውን ጣርማ በርን ያየ ወላጅ አይጠፋም። እኔ የማወራችሁ በስሜን ተራሮች ስላለው የቧሂት መሻገሪያ ነው።

ከመንገዱ በፊት ስለ አየሩ። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እዚህም እዚያም 21 በመቶ ገደማ ነው፤ የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። የቧሂት መሻገሪያ 4,200 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን እዚህ ባሕር ዳር ከምናገኘው 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ውኃ በ86 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ምስር ቶሎ አይበስልም። ሰውነት ይህን ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው፤ ሰው እንደ ሰካራም ሲንገዳገድ ግን አደጋው ቀርቧል። ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው።

ይህን ሁሉ ያኔም አውቀው ነበር። በጎንደር አካባቢ ሳስተምር በአንድ ጥር ወር ከአሥር ባልደረቦቼ ጋር ከጨነቅ ሰፈር ማለዳ ተነሣን። አሳቡ ቧሂትን ተሻግሮ፣ ወደ መሸሃ ወንዝ ወርዶ አምቢቆ ማደር፣ በማግስቱም ራስ ዳሸንን መውጣት ነበር። ሙሉ ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው። አንድ ባልደረባችን ሲነጋ «ራሴን አሞኛል» ብሎኝ ነበር። «ስትሄድ ይለቅሃል» አልኩትና ከጎረምሶቹ ጋር ከፊት ሆንኩ። ጅብራውንና ጭላዳውን እያየን፣ እየተፎካከርን ወጣን። በሩ ላይ ስንደርስ ስካውታችን ቆጠረን። አሥር ነን።

«ጎበዝ፣ ሰው ጥላችሁ ነው የመጣችሁ?» አለ።

ተመልሰን ስንወርድ ከአንድ ሰዓት መንገድ በታች አገኘነው። ጅብራ ሥር ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል፤ አስታውኳል፤ ሲነሣ እግሩ አልታዘዝለት አለ። ከመካከላችን አንዱ «ከበሩ ወዲያ ቁልቁለት ነው፤ ደግፈን እናሻግረው፣ ወንዙ ጋ ሲደርስ ይሻለዋል» አለ። እኔም ደገፍኩት። እውነቱን ለመናገር ራስ ዳሸን ይቀርብኛል ብዬ ነው። ስካውቱ አልተቆጣም። «እዚያ ለመውረድ መጀመሪያ መውጣት አለበት። ወዲያ ማዶ ቢብስበትስ? መመለሻውም ይኸው በር ነው» አለን። ስካውታችን አንድ ብቻ ስለነበር ለሁለት መከፈል አልተቻለም። አሥራ አንዳችንም ወደ ጨነቅ ተመለስን። አመሻሹ ላይ ባልደረባችን ሻይ ጠጣ፣ ቂጣም ቀመሰ። ራስ ዳሸንን እስከ ዛሬ አልወጣሁትም።

ሕመሙን ለማስቆም ባልችልም ባልደረባችን ያን ያህል መንገድ ብቻውን የቀረው በእኔ ነው። ከኋላ ቢሄድ ኖሮ እንኳ ከጎኑ ሰው ሊኖር ይገባ ነበር። በበረዶ ላይ የሚሄዱትም ልምድ ያለውን ሰው ከመጨረሻ የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነውም ደካማው ነው። ቡድኑ ሳይነሣ የመመለሻውን ሰዓት ይቆርጣል። ያ ሰዓት ከደረሰ ጫፉ ፊት ለፊት ቢታይም ይዞራሉ።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ከታጁራ በላይ ባለው በጎዳ ተራሮች ወደ ዳይ የጥድ ደን ልጆቹን ስንወስድ «ለምን ቀስ ትላላችሁ? ለምን ጫፍ ሳትደርሱ ተመለሳችሁ?» የሚል ጥያቄ ይቀርብልኛል። የዳይ ከፍታ ከስሜን ጋር አይወዳደርም፤ እዚያ የሚያሰጋን ጥማትና የእግር መንሸራተት ነው። ደንቡ ግን ያው ነው። በየእረፍቱ እንቆጥራለን፣ ስድስት ሰዓት ላይ የትም ብንሆን እንዞራለን። ፉጨቱን ይዞ ከሁሉ ኋላ የሚሄደው ርእሰ መምህሩ ነው።