የማኅበር ቦርድና ኀላፊነቱ

ምንባቡን በጥሞና አንብባችሁ መልመጃውን ሥሩ።

ሕግ ለተበደለ ሁሉ መብት ቢሰጥም፣ ጠበቃ የሚያቆምበት ገንዘብ የሌለው ሰው መብቱን ለማስከበር ይቸገራል። በ1995 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ለተበደሉ ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። በ1996 እ.ኤ.አ. በአርሲ ለጋብቻ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጃገረድ ጠላፊዋን ገድላ ተከሰሰች። ማኅበሩ ተከራከረላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን መከላከሏን ተቀብሎ በነፃ አሰናበታት።

እንዲህ ያለውን ማኅበር የሚመራው ቦርድ ችሎት አይቆምም፤ ነገር ግን የሥራ አስኪያጅዋን ተግባር ይቈጣጠራል፤ የገንዘቡን አወጣጥ ይመረምራል፤ ለጠቅላላ ጉባኤውም መልስ ይሰጣል። ቦርዱ ከሰነፈ የተበዳይዋ ጠበቃ ከችሎት ይቀራል።

መልመጃ፦ «ተከሰሰች» እና «ተከራከረ» ሁለቱም በ«ተ» ይጀምራሉ። ተደራጊው ግሥ የትኛው ነው? ምክንያታችሁን ጻፉ።