መክሊታችንን እንወቅ

ብዙ ጊዜ ከእናንተ «የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ምን ችሎታ አለኝ?» የሚል ቃል እንሰማለን። በዛሬው ትምህርታችን ይህን እንመርምር።

አንደኛ፣ የተፈጥሮ ስጦታን «መክሊት» እንለዋለን። ቃሉ ቀድሞ የገንዘብ መለኪያ ነበር። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እንደምናነበው፣ ጌታው ለአንዱ አገልጋይ 5፣ ለሁለተኛው 2፣ ለሦስተኛው 1 መክሊት ሰጠ። አንዱ መክሊት ጥቂት ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን 1 መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነበር፤ 1 ዲናር ደግሞ የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነው። ትንሹ ድርሻ እንኳ የ20 ዓመት ገደማ የድካም ዋጋ ነበር ማለት ነው። ሦስተኛው አገልጋይ መክሊቱን የቀበረው ስለ ፈራ እንጂ ስላነሰው አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስጦታ ያለ ትጋት አይገለጥም። በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም የኖረው ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ እንደ ነበር አበው ይናገራሉ። ከመምህሩ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ሲያርፍ፣ አንድ ትል ዛፉን ሊወጣ ሲሞክር ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲሳካለት አየ። ወደ ትምህርቱም ተመለሰ። ዛሬ የምንሰማውን የግዕዝ፣ የዕዝልና የአራራይ ዜማ ያገኘነው ከእርሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ስጦታን በደመወዝ አንለካውም። አገር ቤት ወጥ የምታሳምረውን «ባለሙያ» ብለን እናከብር የለምን? ባሕር ስንሻገር ያ ክብር ስለምን ይቀራል? ዓረብኛን በጆሮዋ ብቻ የለመደች፣ የሚያለቅስ ሕፃን በእጇ ዝም የሚልላት፣ አንድ ጊዜ ያየችውን ምግብ አሳምራ የምትሠራ እኅት መክሊት አላት።

ይሁን እንጂ በር የተቆለፈባትን፣ የዕረፍት ቀን የተነፈገችውን እኅት «መክሊትሽን ቀበርሽ» አንላትም። የቀበረባት ከልካይዋ ነው። ስጦታዋ ግን ከእርሷ ጋር አለ።

ስለዚህ አንድ ደብተር ይኑራችሁ። የተማራችሁትን ቃልና የምግብ አሠራር በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጻፉበት። መጻፍ የማትችል ከጓደኛዋ ፊደል ትቁጠር።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. ሰዎች ሳይከፈልሽ የሚለምኑሽ ሥራ ምንድን ነው?
2. ከጓደኛሽ ያየሽውን ስጦታ ነግረሻታል?
3. አገር ስትገቢ የትኛው ሙያሽ እንጀራ ይሆንሻል?

አምላከ ቅዱስ ያሬድ የእጃችሁን ሥራ ይባርክላችሁ። አሜን።