ለገዢ በሚቀርብ ስላይድ ላይ የእንቅስቃሴ አጠቃቀም

«ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» እንደሚባለው ሁሉ ንግድም በመልካም አቀራረብ ይደምቃል። ይሁን እንጂ ብርሌው የቱን ያህል ቢያምር እንግዳው የሚጠጣው ጠጁን ነው። በዛሬው ዘመን ብዙ ነጋዴ ዕቃውንና ዋጋውን ለገዢ የሚያስረዳው ፓወር ፖይንት በተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ስለ ሆነ፥ በውስጡ የሚገኙት የእንቅስቃሴ ማሳመሪያዎች መቼ እንደሚጠቅሙና መቼ እንደሚጎዱ ማወቅ ተገቢ ነው።

ይህ ፕሮግራም በሮበርት ጋስኪንስ ታስቦ፥ በዴኒስ ኦስቲንና በባልደረቦቹ ተሠርቶ፥ እ.ኤ.አ. በ1987 ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ወጣ። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት የፕሮግራሙን ባለቤት ፎርሶት የተባለውን ኩባንያ በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። የመጀመሪያው ፕሮግራም በጥቁርና በነጭ ብቻ የሚሠራ ሲሆን፥ ገጾቹ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ላይ ታትመው በፕሮጀክተር በግድግዳ ላይ ይታዩ ነበር። ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር ሳይኖረው ይህን ያህል ዋጋ ማውጣቱ፥ ተመልካችን የሚረታው የነገሩ ቅደም ተከተልና ግልጽነት መሆኑን ያስረዳል።

ማሳመሪያዎቹ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ትራንዚሽን ይባላል፤ ይኸውም ከአንዱ ስላይድ ወደ ሌላው መሸጋገሪያ ነው። ሁለተኛው አኒሜሽን ይባላል፤ ይኸውም በአንድ ስላይድ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ወይም ሥዕል እንዲገባ፥ ጎልቶ እንዲታይ፥ እንዲወጣ ወይም ከቦታ ወደ ቦታ እንዲሄድ የሚያደርግ ነው።

በትራንዚሽን ረገድ የሚሻለው እንደ ፌድ ያለ አንድ ጸጥተኛ ዓይነት መርጦ፥ ዱሬሽን በሚለው ቦታ ጊዜውን ከ1 ሴኮንድ ሳያሳልፉ፥ አፕላይ ቱ ኦል የሚለውን በመጫን ለስላይዶቹ ሁሉ መስጠት ነው። በየገጹ ልዩ ልዩ ዓይነት የተደረገ እንደ ሆነ ገዢው የሚጠብቀው ዋጋውን ሳይሆን ቀጥሎ የሚመጣውን ትርዒት ይሆናል።

አኒሜሽን ደግሞ የሥራን ቅደም ተከተል ለማሳየት ይጠቅማል። ለምሳሌ አንድ ቡና ላኪ የታጠበ ቡናን አዘገጃጀት ሲያስረዳ፥ እሸቱ ሲፈለፈል፥ በገንዳ ሲብላላ፥ ሲታጠብና በአልጋ ላይ ሲደርቅ የሚያሳዩት 4 ሥዕሎች በየተራቸው፥ እርሱ ቁልፉን በተጫነ ጊዜ ብቻ ቢወጡ የገዢው ዓይን ከተናጋሪው ቃል ጋር አብሮ ይሄዳል። የውሉ ቃል ግን፥ ማለት የዕቃው ልክ፥ ደረጃው፥ ዋጋው፥ የሚጫንበት ወደብና የመክፈያው መንገድ፥ በአንድነትና ያለ እንቅስቃሴ መቅረብ አለበት፤ ገዢው አንዱን ከሌላው እያስተያየ በደብተሩ ይጽፈዋልና።

ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚያሻው በዋጋ ላይ ነው። አንድ ላኪ የአምናውን ዋጋ በስላይዱ ላይ አስፍሮ፥ በአኒሜሽን እንዲጠፋና በዚያው ስፍራ የዘንድሮው እንዲተካ ቢያደርግ በስብሰባው ላይ ያማረ ይመስላል። ይኸንኑ ስላይድ ወደ ፒዲኤፍ ለውጦ በኢሜይል የላከ እንደ ሆነ ግን እንቅስቃሴው ሁሉ ይቀርና ሁለቱ ዋጋዎች ተደራርበው ይታያሉ። ገዢው የትኛውን እንዳነበበ የሚታወቀው ክርክር ሲነሣ ነው። ስለዚህ የቀድሞው ዋጋ ለብቻው በሌላ ስላይድ ይቀመጥ፥ ወይም ፈጽሞ ይሰረዝ፤ ፒዲኤፉም ከመላኩ በፊት ገጽ በገጽ ይነበብ።

ስብሰባው በኢንተርኔት የሚደረግ ሲሆንም መስመሩ ደካማ ከሆነ እንቅስቃሴው እየተቆራረጠ ይደርሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሴት አፕ ስላይድ ሾው በሚለው ክፍል ውስጥ ሾው ዊዝአውት አኒሜሽን የሚለውን መምረጥ አኒሜሽኑን ሁሉ ያስቀራል።

እንግዲህ ስላይድ የሚያዘጋጅ ሁሉ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ «ይህ ለገዢው ምን ያስረዳዋል?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ያለው ይቆይ፤ መልስ የሌለው ይውጣ። ገዢው ወደ አገሩ ሲመለስ ይዞት የሚሄደው የዕቃውን ጥራትና የዋጋውን ልክ እንዲሆን ነጋዴው ሊያስብበት ይገባል።