ፋየርዎል፦ የኔትወርክ ዘበኛ

እዚህ ሐርጌሳ የብዙ ግቢ በር ላይ ዘበኛ አለ። የሚያውቀውን ያስገባል፤ የማያውቀውን «ማንን ፈልገህ ነው?» ይለዋል። የኮምፒውተር ኔትወርክም እንዲህ ያለ ዘበኛ አለው፤ ፋየርዎል ይባላል።

በኢንተርኔት የሚላክ መረጃ ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ ይጓዛል። እያንዳንዱ ፓኬት እንደ ፖስታ የላኪና የተቀባይ አድራሻ አለው። የሚፈልገውን አገልግሎት የሚያመለክት የፖርት ቁጥርም ይይዛል፤ ለምሳሌ በኤችቲቲፒኤስ የሚከፈቱ ድረ ገጾች በተለምዶ ፖርት 443ን ይጠቀማሉ። ፋየርዎሉ ይህን ከተሰጠው ደንብ ጋር አመሳክሮ ያሳልፋል ወይም ይከለክላል።

በጦር ሰፈር ደንቡ ጠበቅ ማለት አለበት። መነሻው «በግልጽ ያልተፈቀደ ሁሉ የተከለከለ ነው» የሚል ነው። ለሕዝብ የሚታየው ድረ ገጽ በአንድ ክፍል፣ የደመወዝና የስንቅ መዝገብ በሌላ ክፍል ይቀመጣል፤ በመካከላቸውም ፋየርዎል ይቆማል። ጠላት አንዱን በር ቢሰብር እንኳ ቤቱን በሙሉ አያገኝም።

ጉዳዩ ለአገራችን ሩቅ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ (ኢንሳ) መነሻቸው ግብፅ የሆነ ቡድኖች በኢትዮጵያ ላይ የሞከሩትን የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን አስታውቋል። ሙከራው ከሕዳሴ ግድብ የውኃ ሙሌት ጋር የተያያዘ መሆኑንም ገልጿል።

ይሁን እንጂ ዘበኛ የሚጠብቀው በሩን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በመካከለኛው ምሥራቅ በሚገኝ አንድ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ቫይረስ ያለበት ፍላሽ ላፕቶፕ ላይ ተሰካ። ቫይረሱ በኢንተርኔቱ በር አልመጣም፤ በሰው እጅ ገባ። ከዚያም ወደ ምስጢራዊው ኔትወርክ ሳይቀር ተዛመተ። የአሜሪካ መከላከያ በዚያው ዓመት ፍላሽ መጠቀምን አገደ፤ እገዳው በከፊል የተነሣው በ2010 ነው።

እንዲህ ያለ ቫይረስ የሰረቀውን መረጃ ወደ ጌታው ለመላክ ይሞክራል። ስለዚህ ፋየርዎል የሚገባውን ብቻ ሳይሆን የሚወጣውንም መፈተሽ አለበት። የቀረው የእኛ ፋንታ ነው፦

1. ፍላሽ ከመክፈታችሁ በፊት በአንቲቫይረስ ፈትሹ፤ ወድቆ ያገኛችሁትን ከቶ አትሰኩ።
2. የቤታችሁን ዋይፋይ የይለፍ ቃል ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ ቀይሩ።
3. የዛድን የምስጢር ቁጥር ለማንም አትንገሩ። ራሳችን ለሌባ የሰጠነውን ቁልፍ ፋየርዎል አያስመልስልንም።

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችን ኔትወርክ የመምህራን የውጤት መዝገብና የተማሪዎች ኮምፒውተሮች በአንድ ክፍል ቢሆኑ ምን ጉዳት ይመጣል? ፋየርዎሉንስ የት ታቆሙት ነበር?