በሥራ ቦታ የመናገር መብትና የሴቶች ድርሻ በቴክኖሎጂው ዓለም

ዘንድሮ በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ከተማሪዎቻችን ደጋግሞ የቀረበልን ጥያቄ አለ። «ሕገ መንግሥቱ ሐሳብን በነጻነት የመግለጽ መብት ከሰጠ፣ አሠሪ በተናገርኩት ነገር ከሥራ ሊያባርረኝ እንዴት ይችላል?» የሚል ነው። ጥሩ ጥያቄ በመሆኑ በጽሑፍ ልንመልሰው ወደድን። ለምሳሌነት የቴክኖሎጂውን ኢንዱስትሪ መርጠናል። ብዙዎቻችሁ ስታድጉ ምን መሆን እንደምትፈልጉ ስትጠየቁ ኮምፒውተርን ትጠራላችሁ፤ ደግሞም በዚህ ጉዳይ ዓለምን ካነጋገሩት ሰዎች አንዷ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ በጦርነት ምክንያት የተሰደደች ሴት ናት። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የሆነውን እንጠቁማለን።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን የመያዝና የመግለጽ መብትን ይደነግጋል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያም ስለ ንግግር ነጻነት ነው፤ ይሁን እንጂ የአሜሪካው ድንጋጌ የሚከለክለው መንግሥትን ነው። መንግሥት በተናገርከው አያስርህም ማለት እንጂ፣ የግል ኩባንያ በተናገርከው አያሰናብትህም ማለት አይደለም። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች የጊዜ ውል የሌለውን ሠራተኛ አሠሪው ሕግ ባልከለከለው በማንኛውም ምክንያት ማሰናበት ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛ በሥራ ቦታ ሲናገር የሚጠብቀው ሕገ መንግሥቱ ሳይሆን የሠራተኛ ሕጉ፣ ውሉና አጠገቡ የቆሙት ባልደረቦቹ ናቸው።

የመጨረሻውን ለመረዳት ከገዳሪፍ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ሰሊጥ ደርሶ በወቅቱ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። ክፍያው አነሰ ብሎ ብቻውን የሚናገር አጫጅ በማግስቱ ሌላ ሰው ሊተካበት ይችላል። ሠላሳ አጫጆች አብረው ሲናገሩ ግን ባለ እርሻው ሰሊጡን እያየ ቆም ብሎ ያስባል። ንግግሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ተናጋሪዎቹን ማጣት ለአሠሪው የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። ኢቃማ የሌለው አጫጅ ደግሞ ከሠላሳዎቹም መካከል ሆኖ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ለምን እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማብራራት አያሻም።

አሁን ወደ ቴክኖሎጂው እንሂድ። ኮምፒውተር የወንድ ሙያ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከኮምፒውተሩ በኋላ የመጣ ነው። በ1946 ለሕዝብ የታየውን ኤኒያክ የተባለውን የአሜሪካ ኮምፒውተር ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት ሴቶች ነበሩ፤ ስማቸው ግን ለአሥርት ዓመታት እምብዛም ሳይነሳ ቆየ። በአሜሪካ በኮምፒውተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ከሚይዙት ውስጥ የሴቶች ድርሻ በ1980ዎቹ አጋማሽ 37 ከመቶ ገደማ ደርሶ፣ በ2010ዎቹ ወደ 18 ከመቶ ግድም ወረደ። አጥኚዎች ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ኮምፒውተር ወደየቤቱ መግባት ሲጀምር ማስታወቂያው ወንዶች ልጆችን የሚጠራ መሆኑ ነው። የሴቶች ተፈጥሮ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አልተለወጠም፤ ቁጥሩ ግን በግማሽ ቀነሰ። ይህን ቁጥር ያዙልን፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ክርክር ያስፈልገናል።

በ2017 ጉግል ውስጥ ከሠራተኛው 31 ከመቶው፣ ከቴክኒክ ሠራተኛው ደግሞ 20 ከመቶው ብቻ ሴቶች ነበሩ። ኩባንያው ሴቶችን ለማበረታታት ልዩ ፕሮግራሞች ነበሩት። በዚያው ዓመት ጀምስ ዳሞር የተባለ ወጣት መሐንዲስ አሥር ገጽ ያህል ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለባልደረቦቹ አሰራጨ። የሴቶቹ ቁጥር ያነሰው በመድልዎ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ በወንዶችና በሴቶች መካከል በአማካይ ያለው የተፈጥሮ ልዩነት፣ የፍላጎትም የጠባይም፣ በከፊል ምክንያት ሊሆን ይችላል አለ። ፕሮግራሞቹንም ነቀፈ፤ ከብዙሃኑ የተለየ አመለካከት ያለው ሠራተኛ በኩባንያው ለመናገር ይፈራል ብሎም ጻፈ። ጽሑፉ ወደ ውጭ ወጣና በነሐሴ ወር ተሰናበተ። የጉግል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሱንዳር ፒቻይ የጽሑፉ ክፍሎች ጎጂ የጾታ አመለካከት በማራመድ የሥነ ምግባር ደንቡን ጥሰዋል አለ።

በዚህ ላይ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። «የተሳሳተም ቢሆን ሐሳብ ነው፤ በሐሳብ ይመለስለት እንጂ ለምን ይባረራል?» ያሉ ነበሩ። «ነገ የእኔን የደረጃ እድገት የሚገመግመው እሱ ቢሆንስ?» ያሉም ነበሩ፤ እነዚህ በአብዛኛው ሴቶች ተማሪዎች ነበሩ። ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ። ዳሞር ክስ ለብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ አቅርቦ ነበር። የቦርዱ የሕግ ባለሙያ የጽሑፉ አንዳንድ ክፍሎች ጥበቃ ሊያገኙ ቢችሉም፣ ስለ ሴቶች ተፈጥሮ የተባለው ግን ጥበቃ የማይደረግለት ነው ብሎ ደመደመ። የእኛን አስተያየት ከጠየቃችሁን፣ ዳሞር ስለ አማካይ ጻፈ፤ ቢሮ ውስጥ አማካይ የሚባል ሰው ግን የለም። ያነበበችው አንዲት መሐንዲስ ናት፤ ነገ ጠዋት ስትሳሳት ስሕተቷ የሴትነቷ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠርባታል። ያም ሆኖ ሰዎች ፈርተው ዝም ይላሉ ያለው ነገር ተራ ነገር አይደለም፤ ፍርሃቱ የቀኝም የግራም አይደለምና።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ኅዳር 1 ቀን 2018፣ ወደ 20,000 የሚጠጉ የጉግል ሠራተኞች በተለያዩ አገሮች ለሰዓታት ሥራ አቁመው ወጡ። ምክንያቱ አንድ ከፍተኛ ኃላፊ በጾታዊ በደል ተከሶ ሲሰናበት 90 ሚሊዮን ዶላር እንደተሰጠው ጋዜጣ መጻፉ ነበር፤ ሰውየው ክሱን ክዷል። ከሠልፉ በኋላ ኩባንያው የጾታዊ ትንኮሳ ቅሬታ ያለው ሠራተኛ ፍርድ ቤት እንዳይሄድ በግልግል የሚያስገድደውን የውል ቃል አነሳ። ሠላሳው አጫጅ እዚህ ላይ 20,000 ሆነ።

ትምኒት ገብሩ ከኤርትራውያን ወላጆች አዲስ አበባ ተወለደች። አባቷ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበሩ፤ በአምስት ዓመቷ ሞቱባት፤ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ የሆኑት እናቷ አሳደጓት። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ ገና በ15 ዓመቷ ከአገር ወጣች፤ በአየርላንድ በኩል አልፋ አሜሪካ ጥገኝነት አገኘች። እዚያም ውጤቷ ከፍተኛ ሆኖ ሳለ አንዳንድ መምህራን ከፍ ያለውን ትምህርት እንዳትወስድ ከልክለዋት ነበር። በኋላ ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ያዘች።

በ2018 ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ባወጡት ጥናት፣ የሰውን ፊት አይቶ ወንድ ወይም ሴት ብለው የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎች ሶፍትዌሮችን ፈተኑ። ቆዳቸው ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ የስሕተቱ መጠን ቢበዛ 0.8 ከመቶ ነበር። ቆዳቸው ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 ከመቶ ደረሰ። ወላጆች ሆይ፣ የጾታ ስብጥር ለምን ያስፈልጋል ለሚለው ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም። የሠሪዎቹ ክፍል ውስጥ እኛን የሚመስል ሰው ከሌለ፣ ማሽኑ ሲሳሳትብን «ይህ ትክክል አይደለም» የሚል አይገኝም።

ከዚያ ጉግል ገባችና ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ከሥነ ምግባር አንጻር የሚያጠናውን ቡድን ከማርጋሬት ሚቸል ጋር መራች። በ2020 መጨረሻ እሷና ባልደረቦቿ ስለ ታላላቅ የቋንቋ ሞዴሎች አደጋ ጥናት ጻፉ፤ የሚፈጁትን ኃይል፣ ከኢንተርኔት የሚቀዱትን አድልዎ አነሱ። ኩባንያው ጥናቱ እንዲነሳ ወይም የሠራተኞቹ ስም ከላዩ እንዲወጣ ጠየቀ። እሷም ቅድመ ሁኔታ አቀረበች። ለባልደረቦቿ በላከችው የውስጥ መልእክትም ስለ ስብጥር የሚጻፉት ሰነዶች ሁሉ ምንም እንደማይለውጡ፣ ተጠያቂ የሚሆን እንደሌለ ጻፈች። በታኅሣሥ መጀመሪያ ከሥራ ወጣች። ኩባንያው «መልቀቂያዋን ተቀበልኩ» አለ፤ እሷ «ተባረርኩ» አለች። ከ2,000 በላይ የጉግል ሠራተኞች በተቃውሞ ፈረሙ። በየካቲት 2021 ሚቸልም ተሰናበተች። ያ ታኅሣሥ እኛ የማንረሳው ነው፤ የትግራይ ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች በሐምዳይት በኩል ወንዙን እየተሻገሩ ኡም ራኩባ የሚሰፍሩበት ጊዜ ነበር።

ዳሞርና ትምኒት ሁለቱም ለባልደረቦቻቸው ጻፉ፤ ሁለቱም ሥራቸውን አጡ። የአንዱን መባረር ደግፎ የሌላውን የሚያወግዝ ሰው በመካከላቸው ያለውን ልዩነት በግልጽ ማስቀመጥ አለበት። «አንዷን እወዳለሁ፣ አንዱን አልወድም» ማለት ልዩነት አይደለም። እኛ የምናየው ልዩነት ይህ ነው፤ የእሱ ጽሑፍ ባልደረቦቹ ለሥራው ስለ መመቸታቸው ጥርጣሬ ያነሳ ነበር፤ የእሷ ደግሞ ኩባንያው ለሠራተኞቹና ለሥራው ውጤት ስላለበት ኃላፊነት ነበር። በዚህ የማይስማማ ተማሪ ጽፎ ያምጣልን፣ በደስታ እናነባለን።

ይህ የሩቅ አገር ባለ ዲግሪዎች ጉዳይ ብቻ ነው እንዳትሉ፣ ናይሮቢን እንይ። እዚያ ለፌስቡክ የሚለጠፉ አሰቃቂ ምስሎችንና ጽሑፎችን እየመረመሩ የሚያነሱ ወጣቶች በተቋራጭ ኩባንያ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ከመካከላቸው ኢትዮጵያውያንም ነበሩ፤ ለእነሱ አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ማወቅ ራሱ ሙያቸው ነበር። ዳንኤል ሞታውንግ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ በ2019 ባልደረቦቹን ስለ ደመወዝና ስለ አእምሮ ጤና አስተባብሮ በመናገሩ ከሥራ ወጣ፤ በ2022 ፍርድ ቤት ሄደ። በግንቦት 1 ቀን 2023 ከ150 በላይ እንዲህ ያሉ ሠራተኞች ናይሮቢ ተሰብስበው የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ድምፅ ሰጡ።

የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ በእኛ አቆጣጠር በ2011 የወጣው፣ ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም ጾታው ወይም እርግዝናው ለስንብት በቂ ምክንያት አይሆንም ይላል። ጾታዊ ትንኮሳንም ይከለክላል፤ የወሊድ ፈቃድን ወደ 120 ቀን አሳድጓል። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩትን ግን አይሸፍንም፤ እነዚህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። አዋጁ ከመተማ ወዲህም አይሠራም። ጋላባትን የተሻገረች ልጅ የምትዳኘው በሱዳን ሕግ ነው፤ አቤት ለማለት ደግሞ ወረቀቷ መስተካከል አለበት።

በዕረፍት ጊዜያችሁ ከቤተሰብ ጋር እንድትወያዩባቸው ጥቂት ጥያቄዎች እንተውላችሁ። ቤታችሁ ውስጥ አንድ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ብቻ ካለ፣ ማን ብዙ ጊዜ ይይዘዋል? እናታችሁ ወይም ታላቅ እህታችሁ በሥራ ቦታ ልትናገረው ፈልጋ ያልተናገረችው ነገር አለ? ቢኖር ምን ታጣ ነበር? ነገ አማርኛ ስለምታውቁ ብቻ የኮምፒውተር ሥራ ቢሰጣችሁና ውሉ ያያችሁትን ለማንም እንዳትናገሩ ቢያዝዝ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የምትጠይቁት ምንድን ነው?